ድልድይ ያልተሠራበት ወደብ

«ጃፓን ቱሪስት በዛብኝ ብላለች» የሚለው ወሬ ሰሞኑን ብዙ ይናፈሳል። መነሻ የሌለው ወሬ አይደለም። በ2024 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱን የጎበኙ የውጭ ሰዎች 36.87 ሚሊዮን ደርሰዋል። ከኮሮና በፊት የነበረው ከፍተኛ ቁጥር 31.88 ሚሊዮን ነበር። የጃፓን ገንዘብ የን ከዶላር አንጻር በጣም ስለወደቀ፣ ውድ ተብላ የምትፈራው አገር ለውጭ ሰው ርካሽ ሆነች። ኪዮቶ ላይ የጊዮን ሰፈር ሰዎች በግል ይዞታቸው ያሉትን ጠባብ መተላለፊያዎች ለጎብኚ ዘጉ። ፉጂ ተራራ ሥር ያለች አንዲት ከተማ ደግሞ ብሶባት ትልቅ ጥቁር መጋረጃ ተከለች፤ ሰዉ ከአንድ ሱቅ ጀርባ የሚታየውን ተራራ ፎቶ ለማንሳት መንገድ እየዘጋ አስቸግሯት ነው።

ይህን ሰምቶ «ጃፓኖች እንግዳ ጠሉ» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው።

«አትምጡ» ሳይሆን «ተበተኑ»

የጃፓን መንግሥት በ2030 የጎብኚውን ቁጥር 60 ሚሊዮን የማድረስ ግብ ይዟል። እንግዳ የሰለቸው አገር እንዲህ ያለ ግብ አይዝም። ያስቸገረው ሰዉ ሁሉ ቶኪዮ፣ ኪዮቶና ኦሳካ ላይ መከመሩ ነው። ስለዚህ ባለሥልጣናቱ «ወደ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ሂዱልን» እያሉ ነው።

ሲሰሙት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ትንሿ ከተማ ባዶ ቦታ አይደለችም። ጠዋት ዓሣ ይወርድባታል፣ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰጣባታል፣ መንገዷ ለአንድ መኪና እንኳ ይጠባል። በቀን ብዙ ሺህ ሰው ሲመጣባት ምን ትሆናለች? ይሄ ጥያቄ በጭፍኑ አይመለስም፤ አንድ ቦታ ይዞ ማየት ይሻላል።

የያዝነው ቦታ ቶሞኖኡራ፣ በአጭሩ ቶሞ ነው። በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር፣ በፉኩያማ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ወደብ ነው። ዛሬም ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ያስሩበታል። ነዋሪው ከ4 ሺህ በታች ወርዷል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ከ65 ዓመት በላይ ነው። ይህች ትንሽ ከተማ በ2009 ከመንግሥት ጋር ተሟግታ አሸነፈች። ለመሆኑ በምን አሸነፈች? መልሱን ለማግኘት ከባሕሩ መነሳት አለብን።

ሁለት ውኃ የሚገናኝበት ቦታ

ሆንሹ፣ ሺኮኩና ክዩሹ የሚባሉት ሦስት ትልልቅ ደሴቶች በመሃላቸው አንድ ባሕር አቅፈዋል። የሴቶ የውስጥ ባሕር ይባላል። በትንንሽ ደሴቶች የተሞላ ነው። ከውጪው ውቅያኖስ ጋር በዋናነት የሚገናኘው በሁለት በር ነው፤ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ።

ባሕር ዳር ላላደገ ሰው አንድ ነገር ማብራራት ያስፈልጋል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት የባሕር ውኃ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት ወደ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሰፊው ውቅያኖስ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ግን ውኃው እንደ ወንዝ ይፈስሳል።

እንግዲህ ሙላት ሲመጣ ውኃው በምሥራቁም በምዕራቡም በር ይገባና ወደ መሃል ይጓዛል። ሁለቱ ፍሰቶች የሚገናኙት ቶሞኖኡራ ፊት ለፊት ነው። ሲጎድል ደግሞ ከዚያው ቦታ ተነስቶ ወደ ሁለቱም በር ይመለሳል።

አሁን ሞተር የሌለውን የሸራ መርከብ አስቡ። ከምዕራብ የሚመጣ መርከበኛ በሙላቱ ፍሰት እየተገፋ ቶሞ ድረስ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሊቀጥል ቢል ውኃው ፊት ለፊት ይመጣበታል። ስለዚህ መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃል። ጉድለት ሲጀምር ፍሰቱ ራሱ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። ከምሥራቅ የሚመጣውም እንዲሁ፣ በተቃራኒው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ቦታ «ሺዮማቺ ኖ ሚናቶ» ይሉታል፤ የውኃውን መዞር የሚጠባበቁበት ወደብ ማለት ነው። ነፋስ ካስቸገረ ደግሞ ጥበቃው ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

በዚህ ባሕር ያለፈ ሁሉ ወደደም ጠላም ቶሞ ላይ ይቆማል። ከተማዋን የወለዳት ይሄ ነው።

ጥበቃ የሚሸጥባት ከተማ

ሥራ ፈትቶ የቆመ መርከበኛ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ የተሰበረውን ያስጠግናል፣ ይነግዳል። ቶሞ ይህን ሁሉ አቀረበች። አንጥረኞቿ በመልሕቅና በመርከብ ሚስማር ታወቁ። የእቃ ቤቶች ተሠሩ። በ1659 ገደማ ደግሞ «ሆሜይሹ» የሚባል፣ በ16 ዓይነት ቅጠላ ቅጠልና ቅመም የተዘጋጀ ጣፋጭ የመድኃኒት መጠጥ መጥመቅ ተጀመረ። ስሙን ስንፈታው «ሕይወትን የሚጠብቅ መጠጥ» ነው። ዛሬም እዚያው ይጠመቃል፣ በትንንሽ ብርጭቆ ያስቀምሳሉ።

ትልልቅ ሰዎችም በዚሁ ምክንያት እዚህ ቆመዋል። ኦቶሞ ኖ ታቢቶ የተባለው ባለሥልጣንና ገጣሚ በ730 ከክዩሹ ወደ ዋና ከተማው ሲመለስ እዚህ አለፈ። ሲሄድ ከሚስቱ ጋር ያያትን ዛፍ ሲመለስ ብቻውን አያት። ሚስቱ ሞታለች፣ ዛፏ ግን አለች። ያን ቀን የገጠመው ግጥም እስከዛሬ ይነበባል።

አሺካጋ ታካኡጂ የተባለው ጦረኛ በ1336 ሥልጣን ለመያዝ የረዳውን የንጉሣዊ ትዕዛዝ የተቀበለው ቶሞ ላይ ነው ይባላል። እሱ የመሠረተው የሾጉን መንግሥት (ሾጉን ማለት በንጉሡ ስም አገር የሚገዛ የጦር አለቃ ነው) ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። የመጨረሻው ሾጉን ዮሺያኪ ከዋና ከተማው ተባሮ በ1576 የተጠለለው የት መሰላችሁ? እዚሁ ቶሞ። ለዚህ ነው «አሺካጋ በቶሞ ተነሳ፣ በቶሞ ወደቀ» የሚባለው።

ከ1607 እስከ 1811 ባሉት ዓመታት ከኮሪያ ወደ ጃፓን 12 ጊዜ የመልእክተኞች ጓድ ሄዷል። በዚህ ባሕር ያለፉት ቶሞ ላይ ያርፉ ነበር፤ ፉኩዜንጂ የተባለ ቤተ መቅደስ ያስተናግዳቸዋል። በ1711 ከመልእክተኞቹ አንዱ ከአዳራሹ መስኮት የሚታዩትን ደሴቶች አይቶ «ከጃፓን ሁሉ የሚበልጥ እይታ» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ በእንጨት ተቀርጾ ዛሬም እዚያ ተሰቅሏል። ቱሪዝም አዲስ ነገር ነው የምንል ካለን ይሄ ጥሩ መልስ ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ቦታው በእንግዳ ቃል ይመሰገን ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም ለብዙ ጃፓናዊ ወደ ቶሞ መሄጃው ይሄ ነው። በ1867 ሳካሞቶ ርዮማ የተባለው የለውጥ አቀንቃኝ የተሳፈረበት «ኢሮሃ ማሩ» የተባለ የእንፋሎት መርከብ ከአንድ ኃያል ግዛት መርከብ ጋር ተጋጭቶ ከቶሞ ወጣ ብሎ ሰጠመ። ርዮማ «ጠመንጃና ገንዘብ ጭነን ነበር» ብሎ ካሣ ጠየቀ። ድርድሩ ቶሞ ላይ ተጀምሮ ናጋሳኪ ላይ አለቀ፤ የመጨረሻው ሒሳብ 70 ሺህ ርዮ (የዘመኑ ወርቅ ገንዘብ) ሆነ። በኋላ ባሕሩ ወለል ላይ ፍለጋ ሲካሄድ ግን ጠመንጃዎቹ አልተገኙም። ሰውዬው ብልጥ ነበር።

ድንጋዮቹ ሥራ ነበራቸው

ጎብኚ ቶሞ ደርሶ መጀመሪያ የሚያየው የድንጋይ ፋኖስ ነው። «ጆያቶ» ይባላል። በ1859 የተሠራ የወደብ መብራት ነው። ሌሊት የሚገቡ መርከቦችን ይመራ ነበር። ፎቶው በየቦታው አለ፤ እኔ ግን ከፋኖሱ ይልቅ ከሥሩ ያሉትን ደረጃዎች እመርጣለሁ።

ደረጃዎቹ «ጋንጊ» ይባላሉ። የወደቡን ዳር ተከትለው ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ረጃጅም የድንጋይ እርከኖች ናቸው። ለምን ደረጃ ሆኑ? በዚህ ባሕር በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ከሦስት ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀጥ ያለ ግንብ ቢሠራ ውኃው ሲጎድል ጀልባዋ ከታች ርቃ ትቀራለች፣ ጭነት ማውረድ መከራ ይሆናል። ደረጃ ሲሆን ግን ውኃው የትም ይሁን የት ከጀልባዋ ትይዩ የሆነ አንድ እርከን ይኖራል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን የሚሠራ ነገር ነው። ሞተርም፣ ማንሻም፣ ተንሳፋፊ መድረክም ሳይኖር ችግሩ ተፈቷል።

ከዚህ ሌላ በድንጋይ የተካበ የሞገድ መከላከያ ግንብ አለ። መርከብ የሚጠገንበት የባሕር ዳር ደግሞ «ታዴባ» ይባላል፤ በሙላት ጊዜ መርከቡን ያስገቡታል፣ ውኃው ሲጎድል መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሆዱን በእሳት ለብለብ እያደረጉ እንጨት የሚቦረቡረውን የባሕር ትል ይገድላሉ። የሚገባና የሚወጣውን መርከብ የሚቆጣጠሩ ዘበኞች ቤት የነበረበት ቦታም አለ። ፋኖሱ፣ ደረጃው፣ ግንቡ፣ መጠገኛው፣ ዘብ ቤቱ። የጥንቱ የጃፓን ወደብ አምስት አካላት እነዚህ ናቸው፤ አምስቱም ባንድ ላይ የቀሩበት ወደብ ቶሞ ብቻ ነው ተብሎ ይነገራል።

ይህን ልብ በሉ፤ ለክርክሩ ቁልፍ ነው። የቶሞ ዋጋ አንዱ ፋኖስ ወይም አንዱ ቤት አይደለም። ጠቅላላ አሠራሩ ነው፣ ውኃውን ጨምሮ። ደረጃው ያለ ባሕሩ ትርጉም የለውም።

የተረሳ ነገር ይቆያል

ጃፓን በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ዳርቻዋን በኮንክሪት የሸፈነች አገር ናት። ታዲያ ይሄ ወደብ እንዴት ተረፈ? አርቆ አሳቢ ስለነበረው ነው ማለት ያምራል፣ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። የተረፈው ስለተረሳ ነው።

የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ውኃው እስኪዞር መጠበቅ አላስፈለገም። በ1891 ደግሞ ባቡር ፉኩያማ ደረሰ፣ ቶሞን ግን በ14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለፋት። ጭነቱ ከባሕር ወደ ሐዲድ ዞረ። ቶሞ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በ1913 ከፉኩያማ ጋር የሚያገናኛቸው ጠባብ የባቡር መሥመር ተከፈተ። እሱም አላዋጣም፣ በ1954 ተዘጋ።

ገንዘብ ያለው ከተማ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ይሠራል። ገንዘብ ያጣ ከተማ ባለው ይኖራል። የነጋዴዎቹ ቤቶች፣ ወደቡ፣ ለሰውና ለጋሪ የተሠሩት ቀጫጭን መንገዶች እንዳሉ ቆዩ። ዛሬ «ውድ ቅርስ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የትናንት ኪሳራ ነው። ይህን መርሳት የለብንም፣ ምክንያቱም ውበቱን የሚያደንቀው እንግዳ ሲሆን ኪሳራውን የኖረው ነዋሪው ነው።

የ1983ቱ ዕቅድ

መኪና ሲበዛ ቶሞ ተጨነቀች። ዋናው መንገድ በከተማዋ መሃል ያልፋል፤ ጥቂት ቦታ ላይ ሁለት መኪና መተላለፍ አይችልም። ስለዚህ በ1983 የሂሮሺማ ክፍለ ሀገር አንድ ዕቅድ አወጣ። የወደቡ ዳርና ዳር በአፈር ይሞላል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ በወደቡ አፍ ላይ ድልድይ ይዘረጋል። መኪናው ከተማዋን ሳይነካ በባሕሩ ላይ ያልፋል። ዕቅዱ በኋላ ተቀንሶ የሚሞላው ባሕር ሁለት ሄክታር ገደማ፣ ድልድዩም 180 ሜትር ያህል እንዲሆን ተደረገ።

ውጪ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስላል። እንዲህ ያለ ወደብ ላይ ድልድይ? አይሆንማ! የደጋፊዎቹ ክርክር ግን ቀላል አልነበረም። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በጊዜ አይደርስም አሉ። የፍሳሽ ቱቦ ለመቅበር መንገዱን መቆፈር ያስፈልጋል፣ መንገዱን ከቆፈርነው ደግሞ ሌላ መተላለፊያ የለንም አሉ። የመኪና ማቆሚያ የለም፣ ወጣቱ እየለቀቀ ነው፣ ሙዚየም ውስጥ ኑሩ አትበሉን አሉ። ከነዋሪው ብዙዎች፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራትም ጭምር፣ በዕቅዱ ተስማምተው ነበር።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ችግሩ የለም አላሉም። የሚሉት «ተራራውን በዋሻ ማለፍ ይቻላል፣ ባሕሩ ግን አንዴ ከተሞላ አይመለስም» ነበር። የዓለም የቅርስ ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኢኮሞስም ዕቅዱ እንዲተው በተደጋጋሚ ጠየቀ። ታዋቂው የአኒሜሽን ሠሪ ሀያኦ ሚያዛኪ በ2005 ለሁለት ወር ያህል ቶሞ ላይ ከርሞ ስለነበር ጉዳዩ በመላው አገር ተሰማ። ይሄ ለተቃዋሚዎቹ ጠቀማቸው፤ የደጋፊዎቹን ቁጣ ግን ጨመረው። «የውጪ ሰው መጥቶ ስለኛ መንገድ ይወስናል እንዴ?»

ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ። በጥቂት ሺህ ሰው ከተማ ኩርፊያ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ?

በ2007 ከ160 በላይ ነዋሪዎች ሂሮሺማ አውራጃ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ አገረ ገዥው ባሕሩን ለመሙላት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይታገድ። በጃፓን ሕግ የሕዝብ የሆነን ውኃ በአፈር ለመሙላት የአገረ ገዥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚገዛው ሕግ በ1921 የወጣ ነው። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ፈቃዱን ከሚጠይቁት አንዱ ክፍለ ሀገሩ ነው፣ ፈቃድ ሰጪውም የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ ነው። ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ ሰጪ።

ጥቅምት 1 ቀን 2009 ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ ፈረደ። መልክዓ ምድርን ለመጠበቅ ሲባል ገና ያልተጀመረ የመንግሥት ሥራ በፍርድ ሲታገድ በጃፓን የመጀመሪያው ነው። ዜናው ሲወራ «ፍርድ ቤት ከሰው ይልቅ ውበትን መረጠ» ተባለ። አጭርና የሚስብ አገላለጽ ነው፣ ግን ያጣምማል።

በጃፓን ሕግ «የመልክዓ ምድር ጥቅም» የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ። አንድ ሰው የሚኖርበትን አካባቢ መልክ በየቀኑ እያየ የሚያገኘው ጥቅም ሕግ ሊጠብቀው የሚገባ ነገር ነው ማለት ነው። በ2004 የመልክዓ ምድር ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቶኪዮ አቅራቢያ ባለችው ኩኒታቺ በአንድ ረጅም ሕንጻ ጉዳይ ይህን ጥቅም በመርህ ደረጃ ተቀበለ። ከሳሾቹ ግን ያኔ ተሸነፉ፣ ሕንጻውም ቆሞ ቀረ። የሂሮሺማው ፍርድ ያንን መርህ ይዞ አንድ እርምጃ ሄደ።

ነገሩን ሲፈቱት እንዲህ ነው። ፍርድ ቤቱ የቶሞ መልክዓ ምድር ማማር ብቻ ሳይሆን የታሪክና የባህል ዋጋ ያለው፣ የአገሪቱ ሕዝብ ሀብት ሊባል የሚችል ነው አለ። ባሕሩ ከተሞላ ደግሞ መመለሻ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ለማጥፋት የሚቀርበው ምክንያት ጠንካራ፣ ጥናቱም የተሟላ መሆን አለበት። የመንገዱ መጨናነቅ እውነት ነው፤ ግን በሌላ መንገድ መፍታት አይቻልም ወይ የሚለው በደንብ አልተጠናም። ስለዚህ ፈቃዱ ቢሰጥ አገረ ገዥው ከሥልጣኑ ወሰን ያልፋል።

ስለዚህ ፍርዱ «ነዋሪው ይቸገር» አይልም። «የማይመለስ ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ሌላውን መንገድ ሁሉ አይታችሁ ኑ» ነው የሚለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ያልተወራለት። መልክዓ ምድሩ የመላው ሕዝብ ሀብት ይሁን እንጂ የመክሰስ መብት የተገኘው እዚያ ከመኖር ነው። ኦሳካ ተቀምጦ የቶሞን ፎቶ የሚወድ ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም። ነገሩ ለጎብኚም ይሠራል። እይታው የጋራ ነው፤ ጠባቂው ግን ነዋሪው ነው።

ክፍለ ሀገሩ ይግባኝ አለ። ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ሂዴሂኮ ዩዛኪ አዲስ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ ደጋፊና ተቃዋሚን ባንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው ከ2010 ጀምሮ በተደጋጋሚ አወያዩ። በሰኔ 2012 ድልድዩ ቀርቶ በተራራው በኩል ዋሻ እንዲሠራ ወሰኑ። በ2016 ክፍለ ሀገሩ የፈቃድ ጥያቄውን አነሳ፣ ከሳሾቹም ክሱን አነሱ። 33 ዓመት የፈጀ ነገር ነው።

ካሸነፉ በኋላ

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን ድልድዩ ስለቀረ ወጣቱ አልተመለሰም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ10 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝብ መቀነሱን ቀጥሏል። ባለቤቱ የሞተበት ወይም ልጆቹ ከተማ የገቡበት ቤት ባዶውን ይቀራል፤ የእንጨት ቤት ደግሞ ሰው ካልኖረበት ቶሎ ይበሰብሳል።

በ2017 የከተማዋ አሮጌ ክፍል በአገር ደረጃ «የባህላዊ ሕንጻዎች ስብስብ ጥበቃ ቀጠና» ሆነ። ይህ ምን ማለት ነው? ባለቤቱ የቤቱን የውጪ መልክ ያለ ፈቃድ መቀየር አይችልም፤ በምትኩ ለእድሳቱ ድጎማ ያገኛል። ውስጡን እንደ ልቡ ማዘመን ይችላል። ብልህ አሠራር ነው ብዬ አስባለሁ፤ ቤቱን በብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ሰው አያስወጣም። ድክመቱ ድጎማ ጣሪያ ያድሳል እንጂ ነዋሪ አያመጣም። በቀጣዩ ዓመት 2018 ከተማዋ «የጃፓን ቅርስ» የሚል የመንግሥት እውቅና አገኘች፤ ይሄኛው በዋናነት ለቱሪዝም ማስተዋወቂያ ነው።

ስለዚህ ብዙዎች ተስፋቸውን ጎብኚ ላይ ጣሉ። ሌሎች ይጠራጠራሉ፣ ምክንያትም አላቸው። አብዛኛው ጎብኚ ከሂሮሺማ ወይም ከኦካያማ መጥቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። የፋኖሱን ፎቶ ያነሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ አንድ ጠርሙስ ሆሜይሹ ይገዛል። ገንዘቡ ጥቂት ሱቆች ጋ ይቀራል፤ ግርግሩ ግን ለሁሉም ይደርሳል። የሚያድር እንግዳ የተሻለ ይከፍላል፣ ማታና ማለዳም ያለውን የከተማዋን ኑሮ ያያል። ርዮማ ከተደራደረባቸው ቤቶች አንዱ ታድሶ ማረፊያ የሆነው በዚህ ሐሳብ ነው። ባዶ ቤት ይድናል፣ እንግዳም ይተኛበታል። ግን ሁሉም ባዶ ቤት ማረፊያ ከሆነ ለመኖር የሚመጣ ወጣት ቤተሰብ የት ይገባል? ኪዮቶ ላይ ይህ ጥያቄ ቀድሞ ተነስቷል።

የዓሣ አጥማጁ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ቶሞ የሚሠራ ወደብ ናት የሚባለው እሱ ስላለ ነው። «ታይ» የሚባለውን ቀላ ያለ ዓሣ ጀልባዎች ተባብረው በትልቅ መረብ ከብበው የሚያጠምዱበት የቆየ ዘዴ አለ፤ ዛሬ በግንቦት ለጎብኚ የሚታይ ትርዒት ሆኗል። ይህን ያየ ሰው «ሙያው ወደ ድራማ ወረደ» ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ትርዒቱ ባይኖር ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ላይቀር ይችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ትርዒቱ ሳይሆን ትርዒት ያልሆነው ቀሪው 11 ወር ነው፤ መረብ የሚጠግን፣ ጀልባ የሚያጥብ ሰው እስካለ ድረስ ደረጃዎቹ ሥራ አላቸው።

ለመሄድ ላሰበ

ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር ፉኩያማ ላይ ይቆማል። ከዚያ አውቶቡስ ነው። መኪና መከራየት አይመከርም፤ የ1983ቱ ዕቅድ ከየት እንደመጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይገባችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት እዩ። በሙላት የደረሰ ሰው የሚያየው ጥቂት እርከን ነው፤ ሲጎድል ደረጃው በሙሉ ይወጣል። ቢቻል ሁለቱንም ማየት ነው፣ ያ ማለት ደግሞ እንደ ጥንቱ መርከበኛ ስድስት ሰዓት መቆየት ማለት ነው። ከወደቡ ሴንሱይጂማ ወደምትባለው ደሴት የሚሻገር ጀልባ አለ፤ አምስት ደቂቃ ነው። የፉኩዜንጂ አዳራሽ ትኬት አለው። ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ በመስኮቱ ስታዩ የኮሪያው መልእክተኛ ያየውን ታያላችሁ፤ ድልድዩ ቢሠራ ኖሮ በዚህ መስኮት ሳይሆን ከወደቡ ጎን ነበር የሚቆመው።

የሰው በር ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ቤቶቹ መንገዱን ተጠግተው ስለተሠሩ መስኮቱ የሚከፈተው ፊታችሁ ላይ ነው።

ዋሻው

በድልድዩ ምትክ የተመረጠው የተራራ ዋሻ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አላፊ አግዳሚው መኪና በዚያ ሲሄድ የከተማዋ መሃል ያርፋል። አዛውንቶች ያለ ስጋት ይራመዳሉ፣ የፍሳሽ ቱቦ ለመቅበርም መንገድ መዝጋት ይቀላል። ተቃዋሚዎቹም ደጋፊዎቹም የፈለጉት ይሄ ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላ ፊትም አለው። የእንፋሎት መርከብ ቶሞን አልፎ መሄድ አስቻለ። ባቡሩም አለፋት። ዋሻው ሦስተኛው ነው። በዚህ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ከእንግዲህ ቶሞ ላይ የሚቆምበት ምንም ግዴታ የለውም፤ ውኃውም መንገዱም አያስገድደውም። የሚቆመው አስቦበት፣ ከመንገዱ ወጥቶ ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ በቁጥር ያንሳል፣ ግን ምናልባት ያድራል። ከተማዋ የምትፈልገው የትኛውን እንደሆነ ነዋሪው ራሱ ገና አልተስማማበትም።

ከፉኩያማ የሚያመጣችሁን አውቶቡስ ስም ልብ በሉት። «ቶሞቴትሱ» ይላል። የቶሞ ባቡር ማለት ነው። ሐዲዱ ከተነሳ 70 ዓመት አልፎታል።